መዝገብ ቤቱ ሲቃጠል

ጉዳይ ኖሮት መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ “ፋይልህ አልተገኘም” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። እኔ አንዴ ሦስት ሳምንት ተመላልሼባታለሁ። “በሠለጠነው አገር እንዲህ አይደረግም” እያልኩ ስነጫነጭ ከርሜ፣ የሴንት ሉዊሱን ቃጠሎ ታሪክ ሳነብ አፌን ያዝኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ወታደር ከሠራዊቱ ሲሰናበት ወረቀት ይሰጠዋል። ከ1950 ወዲህ ስሟ ዲዲ 214 ነው። መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ማዕረጉ ምን ነበር፣ ምን ተሸለመ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክብር ነው የተሰናበተው ወይስ በሌላ ሁኔታ? ሁሉም እሷ ላይ ሰፍሯል። የቤት ብድር ዋስትናው፣ የትምህርት ድጎማው፣ የጉዳት ካሳው፣ ሲሞትም በብሔራዊ መካነ መቃብር የሚያገኘው ቦታ በዚህችው ወረቀት ነው። እግሩን ጦር ሜዳ ጥሎ መምጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ ወረቀቷ መመስከር አለባት።

ታዲያ ወረቀቷ ስትጠፋ (ቤት ሲቀየር፣ ጎርፍ ሲገባ፣ ትዳር ሲፈርስ) ደብዳቤው የሚላከው ሚዙሪ ግዛት፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ወደነበረው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማእከል ነበር። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ከነዳፊዎቹ አንዱ በኋላ የኒውዮርኮቹን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ግን እሳት ሲነሳ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልተገጠመም።

ጁላይ 12 ቀን 1973፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ እሳት ተነሳ። እሳት አደጋዎቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደርሰዋል፤ አላረፈዱም። ነገር ግን ጭሱና ሙቀቱ ከሕንፃው አስወጣቸውና ከውጭ ሆነው ውሃ ይረጩ ጀመር። እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ የተባለው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ወደመ። ከ1912 እስከ 1960 መግቢያ ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት 80 በመቶው፤ ከ1947 እስከ 1963 መጨረሻ ከአየር ኃይል ከተሰናበቱትና ስማቸው በፊደል ተራ “ሀባርድ” ከሚለው በኋላ ከሚመጣው ደግሞ 75 በመቶው። (በእንግሊዝኛው ተራ ብንሄድ አበበ ይተርፋል፣ ዘለቀ ይቃጠላል።) ኮፒ የለም፣ ማይክሮፊልም የለም፣ ምን ምን እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር እንኳ የለም። መንስኤው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ነገሩ ከእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከ1951 ጀምሮ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች የተመደቡት በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። እንግዲህ አጠገባቸው ምሽግ ይዘው ከነበሩት አሜሪካውያን የአብዛኞቹ ፋይል የተቃጠለው ክምር ውስጥ ነበር። ያኔ ገና ጎልማሶች ነበሩ። ካሳ መጠየቅ፣ ሐኪም ቤት መመላለስ የሚመጣው በኋላ፣ ጉልበት ሲከዳ ነው።

ከውሃና ከጭስ የተረፈውን ለማዳን ያደረጉት ግን ያስደንቃል። የረጠቡትን ፋይሎች ለጠፈር ምርምር በተሠራ አየር አልባ ክፍል ውስጥ አስገብተው አደረቋቸው። 6.5 ሚሊዮን ያህል ተረፈ። ለቀሩት ደግሞ ከደሞዝ መዝገብ፣ ከየጦር ክፍሉ የጠዋት ሪፖርት፣ በ1988 ከተገኘ የሆስፒታል መዝገብ ላይ ፍርፋሪ እየለቀሙ በስንብት ወረቀቷ ፈንታ የሚያገለግል ማረጋገጫ መስጠት ጀመሩ። ሥራው ዛሬም አላለቀም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከዓለም ጦርነቶቹ በኋላ ብዙ ተመላሽ ወታደር ወረቀቱን ይዞ የሚኖርበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ትልቅ መዝገብ ላይ ገልብጦ ዋናውን ይመልስለታል። ብዙ ቦታ በነፃ ነው። የሴንት ሉዊሱ እሳት እነዚያን መዝገቦች አልነካም! የካውንቲው ማኅተም ያረፈበት የተረጋገጠ ኮፒ እንደ ማስረጃ ይያዛል፤ ስለዚህ ዘማቾችን የሚረዱ ሰዎች “ካውንቲ አስመዝግበህ ነበር?” ብለው ይጠይቃሉ። ይሄም ጣጣ አላጣውም። ከ1969 ጀምሮ የምድር ጦርና የአየር ኃይል ወታደር መለያ ቁጥር በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተተካ፤ መዝገቡ ደግሞ ማንም ገልጦ የሚያየው ነበር። ለማንነት ሌቦች ድግስ ማለት ነው። በኋላ ብዙ ግዛቶች ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ውጪ እንዳይታይ ዘጉት።

በ2009 አሜሪካኖቹ በቋንቋ ችሎታቸው የውጭ ዜጎችን ለሠራዊቱ መመልመል ሲጀምሩ (እስከ 2016 ቆይቷል) አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ያኔ ከገቡት አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ባለፈው ስንደዋወል ነዘነዝኩት፤ አጭሩን ኮፒ ሳይሆን በክብር መሰናበቱ የተጻፈበትን ረጅሙን አራተኛ ኮፒ ያዝ፣ ካውንቲም አስመዝግብ አልኩት።

“ፎቶ አንስቼ ስልኬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ” አለኝ።