እርጉዝ ሴት ትንቀሳቀስ ወይስ ትረፍ? የ2400 ዓመት ክርክር

ክርክሩን የጀመሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ሕግ አውጪዎች ናቸው። በጥንቷ ግሪክ፣ በስፓርታ፣ ልጃገረዶች ይሮጡ፣ ይታገሉ፣ ዲስክና ጦር ይወረውሩ ነበር። ፕሉታርክ ምክንያቱን ሲጽፍ ጽንሱ በጠንካራ ገላ ውስጥ ጠንክሮ እንዲያድግ፣ እናትየዋም ምጡን እንድትችለው ነው ይላል። ከእሱ ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረው ዜኖፎን የጻፈው ግን ይበልጥ ያስገርማል። ሌሎቹ ግሪኮች ሴት ልጆቻቸውን ቤት አስቀምጠው ሱፍ ሲያስፈትሉ፣ የስፓርታው ሕግ አውጪ ሊኩርጎስ «ልብስ ለመሥራት ባሪያዎች ይበቃሉ» የሚል አቋም ነበረው። ጨዋዋ ትሩጥ፣ ባሪያዋ ትፍተል እንደማለት ነው።

አርስቶትልም «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው እርጉዝ ሴቶች ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡና በደንብ እንዲመገቡ ይመክራል። ዘዴውን ቀላል አድርጎታል፦ የወሊድ አማልክት ወደሚመለኩበት መቅደስ በየቀኑ በእግራቸው እንዲሄዱ በሕግ ማዘዝ። ገላቸው ይሥራ፣ አእምሯቸው ግን ይረፍ ይላል። ዛሬ ለእርግዝና ክትትል የሄደች ሴት «በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ተራመጂ» ስትባል የምትሰማው ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። የአርስቶትል ምክር ግን ለዜጋ ሚስት የተጻፈ ነው። ውኃ የምትቀዳው ባሪያ ብታረግዝ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ አላስጨነቀውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከግሪኮቹ ይልቅ የሚቀርበው የኦሪት ዘጸአት ታሪክ ነው። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት እንዲገድሉ ያዘዛቸው አዋላጆች ለምን እንዳልገደሉ ሲጠየቁ፣ የዕብራውያን ሴቶች እንደ ግብፃውያኑ ሳይሆኑ ብርቱ ስለሆኑ እነሱ ሳይደርሱ ይወልዳሉ ብለው መለሱ። አዋላጆቹ ነፍስ ለማዳን የሰጡት ብልህ መልስ ነው። ሥራ የለመደች ሴት ምጥ ይቀላታል የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ተሻግሯል፤ ሁልጊዜም ነፍስ ለማዳን አልዋለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ባለጸጋ ሴት ሆዷ ሲገፋ ከሰው ዓይን ትሰወር፣ ስትወልድም ለሳምንታት አልጋ ላይ ትቆይ ነበር። በዚያው ዘመን ብዙ ሐኪሞች «ሥልጡን» የሚሏት ነጭ ሴት ደካማ ስለሆነች እንክብካቤ ይገባታል፣ ጥቁርና የአገሬው ተወላጅ ሴቶች ግን ሕመም ብዙም ሳይሰማቸው ይወልዳሉ ብለው ይጽፉ ነበር። በአሜሪካ የጥጥ እርሻዎች ባሪያ የነበሩ እርጉዞች መውለጃቸው እስኪቃረብ ይሠሩ ነበር፤ ይህ «ሳይንስ» ለጌቶቹ ጥሩ ሽፋን ሆነላቸው።

ጉዳዩን በዓይኗ ካየው ነገር ተነሥታ ከመረመሩት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ካትሊን ቮን ናት። በካሽሚር ስትሠራ በመጋረጃ ተከልለው የሚኖሩ ሴቶችና ጀልባ ላይ እየሠሩ የሚኖሩት ሴቶች አወላለዳቸው እጅግ የተለያየ መሆኑን አስተዋለች። በመጋረጃ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ፀሐይ ስለማያገኙ አጥንታቸው ይለሰልስ፣ ዳሌያቸው ይጣመም፣ ምጡም ይከብድ ነበር። እ.አ.አ. በ1928 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣችው። የጀልባዎቹን ሴቶች ከሌሎቹ የለያቸው የተፈጥሮ ብርታት ሳይሆን ፀሐይና እንቅስቃሴ ነበር።

ይፋዊው ምክር ግን ሲያመነታ ኖረ። በ1949 የአሜሪካ የሕፃናት ቢሮ እርጉዝ ሴት የቤት ሥራ፣ አትክልት መንከባከብና በእግር መሄድ ትችላለች፣ ስፖርት ግን ትተው አለ። በ1985 የአገሪቱ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ140 እንዳይበልጥ፣ ከባድ እንቅስቃሴም ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ ወሰነ። ቁጥሮቹ ከማስረጃ ይልቅ ከጥንቃቄ የመጡ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ዶክተር ጄምስ ክላፕ በእርግዝናቸው ወቅት ሩጫና ኤሮቢክስ የቀጠሉትን ሴቶች ካቋረጡት ጋር ሲያነጻጽር፣ የቀጠሉት ምጣቸው አጥሮ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸውም ቀንሶ አገኘው። (ሴቶቹ ቀድሞም ስፖርተኞች እንደነበሩ አይረሳ።) በ1994 የ140ው ገደብ ተነሣ። በ2014 አሜሪካዊቷ አሊሲያ ሞንታንዮ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና በአገሯ ሻምፒዮና 800 ሜትር ሮጠች፤ መጨረሻ ወጣች፣ ተመልካቹ ግን አጨበጨበላት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ሐኪም ያልከለከላት እርጉዝ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ጥቅሙም ተጨባጭ ነው፤ በእርግዝና የሚመጣ ስኳርና የደም ግፊት ይቀንሳል፣ ክብደት ከልክ አያልፍም፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴም ይቀላል። ደም የሚፈሳት፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በሯን የዘጋባት ወይም ግፊቷ ከፍ ያለባት ሴት ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ለዘመናት ያለጊዜው መውለድን ይከላከላል ተብሎ የታዘዘው የአልጋ ዕረፍት ደግሞ ለዚህ መጥቀሙ አልተረጋገጠም፤ ይልቁንም ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያጋልጣል።

እዚህ ላይ «እናቶቻችን እያጨዱ አይደል የወለዱት?» የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። ይህን ታሪክ የሚያወሩት ግን የተረፉት ናቸው። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። የቀነሰው እናቶች ማጨድ ስለጨመሩ አይደለም።

ጥናቶች በውድ የሚደረግን እንቅስቃሴና በግድ የሚሸከሙትን ሸክም ለይተው ያያሉ። በፈቃድ መራመድ ሲጠቅም፣ ከባድ ነገር ደጋግሞ ማንሣትና ለረጅም ሰዓት መቆም ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይያያዛል፤ ሸክም ለማህፀን መውጣትም ያጋልጣል። ልዩነቱ ሴትየዋ ሲደክማት ማቆም መቻሏ፣ ከዚያም የምትበላው መኖሩ ነው። ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 25 ኪሎ ይመዝናል። ከምንጭ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ወይም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እርጉዝ የሳምንት 150 ደቂቃዋን ሰኞ ላይ ልትጨርሰው ትችላለች፤ ማክሰኞ ግን ዕረፍት የላትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርጉዝ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሌሊት ሥራንም ይከለክላል። አዋጁ የሚመለከተው ግን የተቀጠረችውን ነው። ጄሪካኑን የተሸከመችው ቀጣሪም ሆነ የፈቃድ ቅጽ የላትም።