ሳይዘጋ የፈረሰው አጥር

እስቲ አንድ የዜና ገጽ እንክፈት። ዳር ላይ ትናንት ሌላ ቦታ ያየነው ጫማ ቁጭ ብሏል! ገጹ አንድ ይምሰል እንጂ ማስታወቂያው ከሌላ ኮምፒውተር መጥቶ «አይፍሬም» በሚባል መስኮት ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ነው። አይፍሬም እ.ኤ.አ. በ1997 ኤችቲኤምኤል 4 ውስጥ ገባ። ኩኪን ደግሞ የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ በ1994 ሠርቶት ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ እንግዳው በየሄድንበት ገጽ ያውቀን ጀመር።

በጃንዋሪ 2020 ጉግል የሦስተኛ ወገን ኩኪን በሁለት ዓመት ውስጥ ከክሮም አጠፋለሁ አለ። በምትኩ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ በ2023 የወጣው «ፌንስድ ፍሬም» ነው፤ እኛ የታጠረ ፍሬም እንበለው።

ሐሳቡ እውነትም ያምራል። የማስታወቂያው ጨረታ የሚካሄደው እዚያው ብሮውዘራችን ውስጥ ነው፤ አሸናፊውን የሚወስነው ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ያየነው ነገር ነው። ታዲያ የዜናው ገጽ የትኛው ማስታወቂያ እንዳሸነፈ ካወቀ ስለ እኛም አወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ብሮውዘሩ አድራሻውን እንደታሸገ ፖስታ አድርጎ ለገጹ ስክሪፕት ይሰጠዋል። ስክሪፕቱ ፖስታውን ሳይከፍት ፍሬሙ ላይ ያኖረዋል። በአይፍሬም ዘመን ገጹና እንግዳው መልእክት ይለዋወጡ ነበር፤ እዚህ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

ችግሩ አጥሩ በውዴታ መሆኑ ነበር። ጉግል ከ2026 በፊት ማንንም አላስገድድም ስላለ ማስታወቂያ ነጋዴው በድሮው አይፍሬም መቀጠል ይችል ነበር። ኩኪውም አልወጣም፤ ቀጠሮው ወደ 2023፣ ከዚያ ወደ 2024፣ ከዚያ ወደ 2025 ተገፋ። የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የጓሮ አጥር ማን ያጥራል?

በእርግጥ ጉዳዩ የስንፍና ብቻ አልነበረም። የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን በ2021 ምርመራ የከፈተው ኩኪው ሲጠፋ ተጎጂዎቹ የጉግል ተፎካካሪዎች እንዳይሆኑ ሰግቶ ነው። አጥር ሠሪው ራሱ ትልቁ የማስታወቂያ ነጋዴ ነውና ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የአፕሉ ሳፋሪ ግን በማርች 2020 ኩኪውን ያለ ምንም አጥር ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

በጁላይ 2024 ጉግል ኩኪውን የማጥፋት ዕቅዱን ተወ። በኦክቶበር 2025 ጨረታውን ጨምሮ አብዛኛውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። የታጠረው ፍሬምም ጊዜው አለፈበት ተባለ፤ ግዴታ ሊሆን ይችል የነበረበት ዓመት እንኳ ገና አልገባም ነበር።