የበረዶ ሸርተቴ አዳራሾች የጣሪያ ምርመራ፦ ከታች ሲያዩት ደኅና የሚመስል ጣሪያ ለምን ይፈርሳል?

ብርድ በሚጠናባቸው እንደ ካናዳና ጀርመን ባሉ አገሮች ብዙ ትንንሽ ከተሞች የራሳቸው የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ አላቸው። ከአዳራሹ ወለል ሥር በተዘረጉ ቱቦዎች ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ በላዩ የፈሰሰው ውኃም ወደ ግግር በረዶ ይለወጣል። ሕፃናት ከትምህርት በኋላ መንሸራተት የሚማሩት፣ ወጣቶች የበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱት፣ ነዋሪውም በብርድ ወራት የሚሰባሰበው በዚያ ነው። የአዳራሾቹ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የከተማው አስተዳደር ነው። በካናዳ አገሪቱ 100ኛ ዓመቷን ባከበረችበት እ.ኤ.አ. 1967 አካባቢ ብዙዎቹ ስለተገነቡ ዛሬ ዕድሜያቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ስለዚህም የጣሪያቸው ጥንካሬ በየጊዜው መመርመሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኗል።

ምሰሶ የሌለው ሰፊ ጣሪያ

የሆኪ መጫወቻ ሜዳ 60 ሜትር ያህል ርዝመትና እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ስፋት አለው። በመካከሉ ምሰሶ ማቆም አይቻልም። የጣሪያው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው በሚዘረጉ፣ ግንበኞች ቢም በሚሏቸው ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ነው። አግዳሚዎቹ ከብረት ወይም ከተጣበቀ ጣውላ ይሠራሉ።

በብርድ ወራት ከሰማይ የሚወርደው በረዶ በዚህ ጣሪያ ላይ ይከመራል። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዝናብ የጠጣ እርጥብ በረዶ ግን 400 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ከሜዳው በላይ ባለው 1 ሺህ 800 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ግማሽ ሜትር ለስላሳ በረዶ ቢቆለል ክብደቱ 900 ኩንታል ይሆናል። ያው ግማሽ ሜትር እርጥብ በረዶ ቢሆን ግን 3 ሺህ 600 ኩንታል ይሆናል። ውፍረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ክብደቱ አራት እጥፍ ነው። ስለሆነም የበረዶውን ከፍታ በዓይን መገመት ብቻውን አያስተማምንም።

ዝግ ብሎ የሚጎዳው እርጥበት

ክምር በረዶ የሚታይ አደጋ ነው። በእነዚህ አዳራሾች ጣሪያ ላይ ለዓመታት ሥራውን የሚሠራው ግን እርጥበት ነው። ከወለሉ ግግር በረዶ ፊት ለፊት ያለው ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ታች እየሰጠ ይቀዘቅዛል። በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛውን አግዳሚ ሲነካ ማለዳ በሣር ላይ እንደሚታየው ጤዛ ይሆናል። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የዝናብና የቀለጠ በረዶ ውኃ ይጨመርበታል።

ጤዛው ብረትን ያዝጋል፣ እንጨትን ያበሰብሳል፣ አንዳንዱን ሙጫም ያላላል። በተለይ ተጠንቅቆ መታየት ያለበት አርሶ አደሩ በማዳበሪያነት ከሚያውቀው ዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራው የእንጨት ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በደረቅ ቦታ ጠንካራ ሲሆን እርጥበት ሲደጋገምበት ግን የማጣበቅ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ጣውላው ከውጭ ሲያዩት ምንም ሳይሆን መጋጠሚያው ከውስጥ ሊለቅ ይችላል።

ባድ ራይኸንሃል፦ የ15 ሰዎች ሕይወት

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የታየው በደቡብ ጀርመን፣ በኦስትሪያ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በባድ ራይኸንሃል ከተማ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2006) በረዶ አብዝቶ ወርዶ ነበር። ኃላፊዎች አዳራሹ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ወስነው ነበር። አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ጣሪያው ሰዎች እየተንሸራተቱ ሳለ ወደቀ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ሁሉ የበረዶው ይመስል ነበር። ምርመራው ግን በጣሪያው ላይ የነበረው ጭነት በግንባታው ወቅት ከታሰበው ያልበለጠ መሆኑን አሳየ። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት አሥር የእንጨት አግዳሚዎች እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከ87 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበራቸው፤ ለዚያ ዓይነቱ አሠራር የተፈቀደው ግን እስከ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነበር። የጥንካሬ ስሌቱን ሌላ ገለልተኛ መሐንዲስ አላረጋገጠውም። ለእርጥብ ቦታ የማይስማማው የዩሪያ ሙጫ ጥቅም ላይ ውሏል። አግዳሚዎቹ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ሣጥን መሰል ስለነበሩ በውስጣቸው የሚደርሰው ጉዳት ከታች ለሚመለከት ሰው አይታይም። አንዱ አግዳሚ ሲሰበር ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ተላለፈ፤ እርሱም አልቻለውም፤ እንዲህ እየተከታተሉ ወደቁ።

ከአደጋው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ባለሙያ አዳራሹን ተመልክቶ ነበር። ሪፖርቱም የጣሪያው ተሸካሚ አካል በጥቅሉ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ገልጿል። ይሁንና ባለሙያው የተቀጠረው የጥገናውን ወጪ እንዲገምት ነበር፤ አግዳሚዎቹን ቀርቦ በዝርዝር እንዲመረምር አልነበረም። ፍርድ ቤት በኋላ የጣሪያውን ንድፍ የሠራውን መሐንዲስ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ የ18 ወር እስራት በገደብ ሲወስንበት፣ የወጪ ግምቱን ያዘጋጀውን ባለሙያ በነፃ አሰናብቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የጥንካሬ ምርመራ በስሙ ተጠይቆ፣ በጽሑፍ ታዝዞ ካልተካሄደ እንደተካሄደ ሊቆጠር አይገባም።

አደጋው ብቸኛው አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ሊስቶወል በተባለች ከተማ የካቲት 21 ቀን 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1959) በረዶ የከበደው የአዳራሽ ጣሪያ በሆኪ ተጫዋች ልጆች ላይ ወድቆ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ከባድ ራይኸንሃል አደጋ አንድ ወር ሳይሞላ ደግሞ በፖላንድ ካቶቪትሰ አቅራቢያ በረዶ የተከመረበት የኤግዚቢሽን አዳራሽ ጣሪያ ተደርምሶ 65 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

እውነተኛ ምርመራ ከሰነድ ይጀምራል። መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ንድፍና ስሌት አውጥቶ ሕንፃው በተግባር ከተሠራው ጋር ያስተያያል። በየጊዜው የተደረጉ ለውጦችንም ይመዘግባል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለ አዲስ የድምፅ መሣሪያ ወይም በላዩ የተነጠፈ ተጨማሪ ሽፋን ለአሮጌ አግዳሚ አዲስ ሸክም ነው።

ቀጥሎ መሐንዲሱ በመሰላል ወይም በማንሻ ወደ እያንዳንዱ አግዳሚ ይወጣል። እንጨቱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ የእርጥበት መጠኑን በመሣሪያ ይለካል፤ በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ብረት አስገብቶ ጥልቀቱን ያውቃል። በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ውስጡን ያያል፤ ከሙጫው መጋጠሚያም ናሙና ወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል። ብረት ከሆነ ዝገቱን ፍቆ የቀረውን ውፍረት ይለካል፤ ብየዳውንና ብሎኑን ይፈትሻል። አግዳሚው ምን ያህል እንደጎበጠ ለክቶ ካለፈው መዝገብ ጋር ያነጻጽራል።

በየስንት ጊዜ?

ከአደጋው በኋላ በጀርመን ለሕንፃ ባለቤቶች የምርመራ መመሪያ ወጥቷል። ሰው የሚበዛባቸውና ቢፈርሱ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱ ሕንፃዎችን ባለቤቱ ራሱ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ እየዞረ እንዲያይ፣ ሙያው ያለው ሰው በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ እንዲፈትሽ፣ ልዩ ልምድ ያለው መሐንዲስ ደግሞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ በጥልቀት እንዲመረምር ይመክራል። የእያንዳንዱ ምርመራ ውጤት በሕንፃው መዝገብ ይሰፍራል። መዝገቡ የሚጠቅመው ኃላፊ ሲለወጥ የሕንፃው ታሪክ እንዳይጠፋ ነው።

በረዶ ሲበዛና ምልክት ሲታይ

በምርመራዎች መካከል ያለው ጥበቃ የአዳራሹ ሠራተኞች ነው። መጠኑ በታወቀ ቱቦ ከጣሪያው ላይ የበረዶ ናሙና ይወስዳሉ፤ መዝነውም በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ኪሎ እንዳረፈ ያሰላሉ። አኃዙ መሐንዲሱ ወደ ወሰነው ጣራ ሲቃረብ አዳራሹ ይዘጋል፤ በረዶውም ከሁለቱም ወገን እኩል እየተጠረገ ይወርዳል። በአንድ ወገን ብቻ መጥረግ ሸክሙን ያዛባል። ሰው ከውስጥ የሚወጣው ጠረጋው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ተጠቃሚዎችም ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦

• ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ በአግዳሚ ላይ የሚታይ ጥቁር እድፍ ወይም ሻጋታ፤
• የጎበጠ አግዳሚ፣ አዲስ ስንጥቅ ወይም የለቀቀ የጣውላ መጋጠሚያ፤
• ያለወትሮው የሚጣበቅ በር ወይም መስኮት፤
• ከላይ የሚሰማ የመሰንጠቅ ወይም የማቃሰት ድምፅ።

የመጨረሻው ምልክት ከተሰማ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ አዳራሹን ወዲያውኑ ለቆ መውጣት ያስፈልጋል። ለሌሎቹ ደግሞ ነዋሪው የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ጣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ በጥልቀት የተመረመረው መቼ ነው? መርማሪው አግዳሚዎቹን በእጁ ነክቷል? በረዶ ሲበዛ አዳራሹን የመዝጋት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ መስጠት የማይችል አስተዳደር የጣሪያውን ሁኔታ አያውቀውም ማለት ነው።