የአሮጌ መድፎች ጠባቂዎችና የመድፍ ቃላት

ለወታደራዊ ቃላት ጥናት ባዘጋጀናቸው ካርዶች ውስጥ «መጠቅጠቂያ» እና «የመድፍ መወልወያ» የተባሉት ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ፍች ተጽፈው ነበር፤ ይኸውም «የመድፍን ውስጥ ለማጽዳት የሚያገለግል ረጅም ዘንግ» የሚል ነው። ፍቹን የጻፍነው እኛው ነን። ስሕተቱን የተረዳነው ከሌላ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ያረጁ መድፎችን በፈቃዳቸው የሚጠብቁ ሰዎች መድፍ ሲያጎርሱና ሲተኩሱ የሚያሳይ ፊልም ደጋግመን ከተመለከትን በኋላ ነው።

ሰዎቹ ከሚሠሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ፎርት ኔልሰን የሚባለው ምሽግ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከፖርትስመዝ ከተማ በላይ በፖርትስዳውን ኮረብታ ላይ ነው። የተሠራው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ምክንያቱም ፈረንሳዮች ከሌላ ጠረፍ ወርደው በየብስ በመምጣት የባሕር ኃይሉን የመርከብ መሥሪያ ከኋላ ይመቱታል የሚል ሥጋት ነበር። ስለዚህ ምሽጉ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ ፊቱን ወደ አገር ቤት አዞረ። ጠላት ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ምሽጉም በጊዜው በነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «የፓልመርስተን ቂልነት» እየተባሉ ከተዘበተባቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ። ተትቶ ሲፈራርስ ከቆየ በኋላ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የሃምፕሺር ምክር ቤት ገዛው፤ ዛሬ የንጉሣዊው የጦር መሣሪያ ሙዚየም መድፎች የሚቀመጡበት ነው።

በፈቃዳቸው የሚያገለግሉት ሰዎች የ19ኛው መቶ ዓመት የመድፈኛ ልብስ ለብሰው፣ ያለ ዓረር፣ በባሩድ ብቻ ለጎብኚ ይተኩሳሉ። ተመልካቹ የሚጠብቀው ድምፁን ነው፤ እኛን የያዘን ግን ከድምፁ በፊት ያለው ሥራ ነው። መጀመሪያ ጫፉ በበግ ቆዳ የተሸፈነ እርጥብ መወልወያ በአፈሙዙ ገብቶ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ ከፊተኛው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ሌላው መድፈኛ ቆዳ በለበሰ አውራ ጣቱ ከመድፉ ጀርባ ያለውን የማቀጣጠያ ቀዳዳ ደፍኖ ይይዛል፤ ነፋስ በዚያ ካለፈ የተዳፈነውን ፍም ያነሣሣዋልና። ቀጥሎ በከረጢት የታሰረው ባሩድ ይገባና በደረቁ መጠቅጠቂያ ይጠቀጠቃል። ከዚያም ወስፌ መሰል ብረት በቀዳዳው ወርዶ ከረጢቱን ይበሳል፤ ማቀጣጠያውም ይጨመራል። እርጥቡ መወልወያ ሥራውን ሳይጨርስ ደረቁ መጠቅጠቂያ ቢቀድም ባሩዱ ፍም ላይ ያርፋል፤ መጠቅጠቂያውን የያዘው ሰውም እጁን ያጣል። ሁለቱ መሣሪያዎች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ይሠራሉ። እኛንም ያሳሳተን ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው በተኩሱ አያበቃም። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ውስጡ በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት መቀባት አለበት። የእንጨት ሠረገላውም ይበሰብሳል።

ከዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። «መድፍ» ከዐረብኛው «ሚድፋዕ» የመጣ ሲሆን መሠረቱ መግፋትን ያመለክታል። ከስሙ ይልቅ ግን ግሦቹ ይበልጥ ይናገራሉ። ጠመንጃም መድፍም «ይጎርሳል»፤ «የጎረሰ ጠመንጃ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ዛሬ ጥይት የሚገባው ከኋላ ነው፤ በአፍ የሚጎርሰውን መድፍ ያየ ሰው ግን ግሡ ለምን እንዲህ እንደተባለ ማብራሪያ አይጠይቅም። «ተኮሰ»ም እንዲሁ ነው። ልብስ ይተኮሳል፤ ቁስል በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ መድፍም ይተኮሳል። እሳት በቀዳዳው ላይ ሲደረግ ስናይ ሦስቱ ፍቾች አንድ ሥር እንዳላቸው ለመገመት ደፍረናል። «ከሸፈ»ን ደግሞ ዛሬ ስለ ሤራና ስለ ዕቅድ እንናገረዋለን፤ ባሩዱ እንቢ ባለ ጊዜ መድፈኞቹ ማንም ወደ አፈሙዙ ሳይጠጋ የተወሰነ ጊዜ ጸጥ ብለው ሲቆዩ የተመለከተ ግን የቃሉን ክብደት ይረዳል።

በዚያው ምሽግ ከእኛ ታሪክ ጋር ሳይተዋወቅ የተዛመደ አንድ መድፍ ቆሟል። ሮበርት ማሌት የተባለው መሐንዲስ በክሪሚያ ጦርነት ለሴባስቶፖል ከበባ ያቀደው ሞርታር ነው። የአፉ ስፋት 36 ኢንች (91 ሳንቲ ሜትር ያህል) ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 42 ቶን ይደርሳል። ጦርነቱ በ1856 (እ.ኤ.አ.) አበቃ፤ ሞርታሩ ግን ለሙከራ የተተኮሰው በ1857 ነው፤ ለጦርነትም ከቶ አልዋለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮጳውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሞያዎች ያሠሩት ታላቅ ሞርታርም በዚያችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ክንድ እየተጎተተ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የማሌትን ሞርታር እያንዳንዱን ክፍል በስሙ የሚጠሩ ሰዎች በአጠገቡ አሉ። ሴባስቶፖልን ያቀለጡ፣ ሠረገላ ላይ ያወጡ፣ በገደል ያወረዱ ሰዎች ለእያንዳንዱ ገመድና ሽብልቅ ስም ሳይኖራቸው አልሠሩም፤ ብረቱ ሲተርፍ ያ አነጋገር በመዝገበ ቃላታችን ገጽ አልገባም። ይህን ስንጽፍ ቁጭት አልተለየንም።

ለጠባቂዎቹ መጠሪያ ስንፈልግም ተቸግረን ነበር። እንግሊዞች በ1859 ከፈረንሳይ ሥጋት የተነሣ በፈቃዱ መድፈኛ የሆነውንም፣ ዛሬ ዝገት የሚፍቀውንም በአንድ ቃል «ቮለንቲር» ይሉታል። እኛ ግን «ወዶ ዘማች» አለን፤ እርሱ ለጦር ሜዳ ነው። «ወዶ ገባ»ም ለምልምል ወታደር ይስማማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ወዶ ዘማች መድፈኛ»፣ የኋለኛውን «በጎ ፈቃደኛ የመድፍ ጠባቂ» ብለን ለይተናል። «መወልወያ»፣ «መጠቅጠቂያ» እና «ማቀጣጠያ ቀዳዳ» የሚሉትንም እንደየሥራቸው አስተካክለን በረቂቁ አስገብተናል። በተለይ ለመጨረሻው፣ ጡረታ የወጡ መድፈኞች ወይም የመቅደላና የደብረ ታቦር ሽማግሌዎች አጠር ያለ ቃል ቢያውቁ፣ ካርዱን ለማረም ዝግጁ ነን።