ትራቪያን

ትራቪያን በኢንተርኔት ማሰሻ (ብራውዘር) ላይ ብዙ ሰዎች በአንድ ዓለም የሚፎካከሩበት የጀርመን የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ጌርሃርድ ሙለር ሠርቶት በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ፤ ባለቤቱ መቀመጫውን ሙኒክ ያደረገው ትራቪያን ጌምስ ነው።

ጀማሪ ተጫዋች እንደ ሮማውያን፣ ጎሎችና ቴውቶኖች ካሉ ወገኖች አንዱን መርጦ አንዲት መንደር ይረከባል። ጎሎች ለመከላከል፣ ቴውቶኖች ለዘረፋ ይመቻሉ። እንጨት፣ የሸክላ አፈር፣ ብረትና እህል እያመረተ ሕንፃ ያሳድጋል፤ ጦር ያሠለጥናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም አይወርረውም፤ ከዚያ በኋላ ጎተራውን የሚጠብቀው ራሱ ነው። ግንባታውና የጦሩ ጉዞ በእውነተኛ ሰዓት ስለሚቆጠሩ ተጫዋቹ ተኝቶም አይቆሙም፤ ብቻውን የሚዘልቅ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ኅብረት ይገባል። በመደበኛው ዙር የዓለም ድንቅ የሚባለውን ሕንፃ ቀድሞ 100ኛ ደረጃ ያደረሰ ያሸንፋል።