ጥቁሩን ፍቆ ብርሃን የማውጣት ጥበብ

ፎቶግራፍ በጋዜጣ ገጽ ላይ መታተም ከመጀመሩ በፊት የአውሮፓ ጋዜጦች ሥዕል የሚያወጡት በእንጨት ቀራጮች እጅ ነበር። መንገዱን የጠረገው የኒውካስሉ ቶማስ ቢዊክ ነው። በአግድም የተቆረጠ ጠንካራ ግንድ ላይ በስለታም ብረት ይቀርጻል፤ ብረቱ የነካው በሕትመት ነጭ፣ ያልነካው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለ ብሪታንያ አእዋፍ ያዘጋጀው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ በ1797 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የላባው ልስላሴ ሳይቀር ይታይ ነበር። የመቅደላንም ዘመቻ የለንደን አንባቢ ያየው በዚሁ ጥበብ ነው፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ሠዓሊ ዊልያም ሲምፕሰን የሠራቸው ንድፎች በእንጨት ተቀርጸው በኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ወጥተዋል።

እንጨት መቅረጽ ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። በዚያው 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብሪታንያና ፈረንሳይ ውስጥ የቀለለ መላ ተገኘ፦ ስክራችቦርድ። ካርቶን ካኦሊን በሚባል ነጭ አፈር ይለበጥና በላዩ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ጥቁሩ በተጫረ ቁጥር ከሥር ያለው ነጭ ብቅ ይላል። እርሳስ የለመደ ሠዓሊ እዚህ ሐሳቡን መገልበጥ አለበት፤ ጥላውን ትቶ ብርሃኑን ይሥላልና።

የአንበሳ ዓይን እንውሰድ። ብሌኑ አይነካም፤ ብርሃን ያረፈባት አንዲት ነጥብ ብቻ በስለቱ ጫፍ ትነሳለች። በዙሪያው ያለው ጸጉር በበቀለበት አቅጣጫ አንድ በአንድ ይጫራል፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ቦታው ይነጣል፣ ሲራራቁ ይጠቁራል። ግራጫ ቀለም ጨርሶ የለም፤ ዓይናችን ነው ጥቁሩንና ነጩን አዋሕዶ ግራጫ የሚያደርገው። ብናኙ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በእጅ አይታበስም፤ ወዝ ገጹን ያበላሻል። የተሳሳተ መስመር በቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ ስለቱ ነጩን አፈር አልፎ ካርቶኑ ላይ ከደረሰ ግን መመለሻ የለውም።

አሜሪካዊው ቨርጂል ፊንሌይ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊርድ ቴልስ ለተባለው መጽሔት ሲሠራ ይህን ጥበብ ከነጠብጣብ ሥዕል ጋር አዋደደው። መጽሔቱ የሚታተመው በርካሽ፣ ሻካራ ወረቀት ነበር። የፎቶግራፍ ግራጫ በሚደበዝዝበት በዚያ ወረቀት ላይ የፊንሌይ ጥቁርና ነጭ ጥርት ብሎ ይወጣል። በእኔ እምነት በትዕግሥት እርሱን የሚያክል የመጽሔት ሠዓሊ ማግኘት ይከብዳል።

ሥዕል የምታስተምሩ መምህራን ይህን ሥራ ለልጆች አስተዋውቁልን። ካኦሊኑ ባይገኝ ወፍራም ወረቀት በሰም ከለር ድፍን ተደርጎ ይቀለም፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ጥቁር ቀለም ይደረብበት፤ ሲደርቅም በምስማር ይጫሩት።