የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (በአጭሩ ወመተህ) በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤቱ አመራርና ስለ ገንዘቡ አጠቃቀም የሚመክሩበት አካል ነው። ተማሪዎች ከመጨመራቸው በፊት የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) ይባል ነበር፤ በብዙ ቦታ ሕዝቡ አሁንም «የወላጅ ኮሚቴ» ይለዋል። ይህ ጽሑፍ የኅብረቱን አመጣጥና አሠራር፣ በተለይም በአማራ ክልል በምዕራብ ጎጃም ዞን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ያለውን ሁኔታ ይገልጻል።

ታሪክ

ወላጆች በትምህርት ፖሊሲ ላይ ተቃውሟቸውን ካሰሙባቸው ጊዜያት በጣም የታወቀው 1966 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያስጠናው «ሴክተር ሪቪው» ለሁሉም ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ከዚያ በላይ የሚያልፉት ቁጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ ወላጆች ዕቅዱን የድሃውን ልጅ ከአራተኛ ክፍል የሚያስቀር አድርገው ተረዱት። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ የወላጆች ቅሬታም ተጨመረበት፤ መንግሥትም ዕቅዱን ሳይተገብረው ቀረ።

በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ደግሞ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ በተመረጡ ኮሚቴዎች እንዲተዳደሩ ደነገገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ ሲያደርግ አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድ አዘዘ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የወላጅና መምህር ኅብረትንና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን ሥራ በዝርዝር አስቀመጠ።

ሥልጣንና ተግባር

ኅብረቱ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ላይ ይወያያል፣ የተማሪዎችን መቅረትና ማቋረጥ ይከታተላል፣ በሥነ ምግባር ጉዳይ ይሸመግላል፣ ከሕዝብ የሚሰበሰበውን መዋጮ ያስተባብራል። የቀበሌው ቦርድ ሰፋ ያለ ሲሆን የቀበሌ አስተዳደርን፣ የወላጆችንና የመምህራንን ተወካዮች ያገናኛል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ፕሮግራም የሕብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐቢይ ርእሶቹ አንዱ አድርጎታል፤ ሌሎቹ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና የትምህርት ቤት አመራር ናቸው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

የኅብረቱን አቅምና ገደብ ለመረዳት በጀቱ የት እንደሚወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ጥቅል በጀት ያከፋፍላል፣ የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ዘርፎች ይደለድላል። ጥቅል በጀት ለወረዳዎች መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ነበር። ለትምህርት የሚመደበው አብዛኛው ብር የመምህራን ደመወዝ ሆኖ ስለሚያልቅ ለመጻሕፍት፣ ለወንበርና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ መምጣት ጀመረ። ወላጆች በትክክል የሚመክሩበት ገንዘብ በዋናነት ይህ ድጎማ፣ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢና መዋጮው ነው። ትልቁ ገንዘብ ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ፣ በወረዳው ምክር ቤት ይወሰናል። በአሜሪካ ብዙ የትምህርት ወረዳዎች በሕዝብ የተመረጠ ቦርድና የራሳቸው የንብረት ግብር አላቸው፤ እዚያ ለቦርዱ የሚናገር ወላጅ በጀቱን ለሚያጸድቀው አካል ይናገራል። በኢትዮጵያ ግን የወላጅ ጥያቄ ከኅብረቱ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ምክር ቤት መጓዝ አለበት።

በምዕራብ ጎጃም

የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ዞኑ 2,106,596 ሕዝብ ሲኖረው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የገጠር ነዋሪ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም 25,913፣ ቡሬ 20,410 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ሁለቱ ከተሞች ከአጎራባቾቻቸው ከጃቢ ጠህናንና ከቡሬ ዙሪያ ወረዳዎች የተለየ አስተዳደር አላቸው።

በገጠሩ የወላጅ ድርሻ ብዙ ጊዜ በጉልበትና በዓይነት ነው። ገበሬው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ያዋጣል፣ በዳስ ወይም በጭቃ የተሠራ ክፍል እንዲቀየር ከአጨዳ በኋላ ገንዘብ ያወጣል። መሬት ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከሣር፣ ከባሕር ዛፍና በአካባቢው ከሚታወቁት በቆሎና በርበሬ ገቢ ሊያገኙ ይችላሉ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከአባላቱ መዋጮ በክልሉ ትምህርት ቤቶችን ይሠራል። ገበሬው ከእርሻ የሚያርፍበት የበዓል ቀን ለወላጆች ስብሰባ ከሥራ ቀን የተሻለ ነው።

በከተማው ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመማር ከገጠር የሚመጡ ልጆች ቤት ተከራይተው፣ ከቤታቸው ስንቅ እያመላለሱ ይማራሉ። የከተማው አስተዳደር የሚይዘው በጀት እነዚህንም ተማሪዎች ያስተምራል፤ ወላጆቻቸው ግን በሌላ ወረዳ ስለሚኖሩ በከተማው ትምህርት ቤት ኅብረት ውስጥ ለመመረጥም ለመሰብሰብም ይቸገራሉ። ስለዚህ የክፍል መጨናነቁ ከሁሉ በላይ የሚነካው ወላጅ በስብሰባው ላይ ላይገኝ ይችላል።

ትችትና ፈተናዎች

በኅብረቶቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳው ትችት መዋጮ ለመሰብሰብ እንጂ በጀት ለመጠየቅ አይጠሩም የሚል ነው። መዋጮ በሕግ በፈቃድ ቢሆንም በተግባር እንደ ግዴታ የሚታይበት ቦታ አለ። የሴቶች ተሳትፎ ማነስና ርእሰ መምህሩ ያዘጋጀውን ማጽደቅም ይጠቀሳሉ። ይህን ለማሻሻል የወረዳ በጀት በቀላል ቋንቋ በሰሌዳ እንዲለጠፍና ተጠቃሚዎች ለአገልግሎት ነጥብ እንዲሰጡ የሚያደርጉ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራዎች በተለያዩ ወረዳዎች ተካሂደዋል። የተለጠፈውን በጀት ማንበብ የሚችል ወላጅ፣ ለትምህርት ስንት እንደተመደበና ከደመወዝ ሌላ ምን እንደቀረ መጠየቅ ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተባባሰው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በክልሉ ሚሊዮኖች ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት በተቋረጠበት ቦታ የወላጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ከበጀት ድርሻ ወደ ትምህርት ቤቱ መከፈትና ወደ ልጆች ደኅንነት ተለውጧል።